ሮቦቱ የሳለው አልጋ

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

ሰዓቱን የማስታውሰው ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ያ የማይረባ ማሽን በየቀኑ በዚያች ደቂቃ ስለሚነሳ ነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። "ፈጠራ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ከእንጨት እንጂ ከአየር ነገር መሥራት አልችልም።

ቤቱ የእናቴ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍልና ጠባብ ወጥ ቤት። ያኔ እሷ ከሞተች ሁለት ወር ከአምስት ቀን ሆኖ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ከሚስቱና ከአራት ወር ሴት ልጃቸው ጋር ይኖርበት ነበር።

ወንድሜን እማዬ "መሐንዲሱ" ትለው ነበር። ሞባይል ጠጋኝ ነው። መሐንዲስ ያለችው ሲያፈርስ እንጂ ሲሠራ አይታው ስለማታውቅ ነው። ስለ ጠባብ ቤት አያያዝ ቪዲዮ ማየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ለየለት።

ቤቱን ብታዩት... ሰው ሲጠጋው አፉን የሚከፍት የቆሻሻ ቅርጫት አለ። በጭብጨባ የሚበራ መብራት አለ፤ ሕፃኗ ባነጠሰች ቁጥርም ይበራል። የውሃ ማፍያው "ፈላሁ" ብሎ ስልኩ ላይ መልእክት ይልክለታል። በማፍያውና በሱ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ነው።

ከሁሉም የሚኮራበት ግን ሮቦት መጥረጊያው ነው። የድስት ክዳን የሚያክል ክብ ነገር። ወለሉን እየዞረ ይጠርጋል፤ የዞረበትንም ስልክ ላይ ካርታ አድርጎ ይስላል። ዕቃ የቆመበትን ቦታ ነጭ አድርጎ ይተወዋል።

"ለዚህች ቤት ካርታ ምን ያደርግልሃል? ትጠፋለህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አንተ ገና በመጋዝ ዘመን ነህ" አለኝ።

ልክ ነው። በመጋዝ ዘመን ነኝ። ጥፋቴም እሱው ነው።

እማዬ አባቴ የሠራላት ሰፊ የእንጨት አልጋ ነበራት። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር። መሐንዲሱ "አልጋው ቤቱን በላው። ቤት መተንፈስ አለበት" አለ።

ቤት ይተነፍሳል እንዴ? የምትተነፍሰው እናታችን ነበረች።

ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያየችኝ።

"ልጄ... በየት በኩል ልነሳ ነው?" አለችኝ።

ሁልጊዜ የምትነሳው በመስኮቱ በኩል፣ የአልጋውን ቋሚ ይዛ ነው። እኔም ከመጋዙ ቀና ሳልል "ትለምጂዋለሽ" አልኳት።

መሐንዲሱ ያመጣላት ተጣጣፊ አልጋ የሚያዝ ነገር አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ልትነሳ ስትል ወደቀች። በዚያው ቀረች።

ያን ማክሰኞ የሄድኩት የሕፃኗን አልጋ ልገጥም ነበር። ቦታው የእማዬ አልጋ የነበረበት ባዶ ወለል ነው።

ሮቦቱ ከሶፋው ሥር ወጣ። ባዶው ወለል ጋ ሲደርስ...

ቆመ።

ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ሞከረ። ቆመ። ከዚያ የሆነ ነገር ጠርዝ ይዞ እንደሚሄድ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ዞረው።

"ሴንሰሩ ቆሽሾ ነው" አለ መሐንዲሱ። ስልኩን አሳየኝ። ካርታው መሃል ነጭ አራት ማዕዘን አለ።

ሳይጠረግ የቀረው አቧራ መስመሩን በግልጽ ያሳያል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት።

አንድ ሜትር ከሃምሳ። በሁለት ሜትር።

የወንድሜ ሚስት ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ጠጋ አለችኝ።

"ጋሼ... ልኩ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ልኩ ነው።"

"ዛሬ አይግጠሙት። እባክዎ።"

ድሪሌን አስቀመጥኩ። መሐንዲሱ ሳቀ። "አቧራ የሚፈራ አናጢ!" ብሎ ካርታውን ከስልኩ አጠፋው።

ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደወለ። እየሳቀ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ና እስቲ።"

አራት ማዕዘኑ ተመልሷል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች ጎን ለጎን ተስለዋል። ስልኩ ከሥራቸው "የወንበር እግር" ብሎ ጽፏል። በዚያ በኩል ወንበር የለም።

"ወንበር ሁለት እግር ነው እንዴ ያለው?" አለች ሚስቱ፣ ቀስ ብላ።



"ልጅቷን እዚህ አታስተኟትም" አልኩ።

"የት ላስተኛት? ሶፋው ላይ በመካከላችን ናት። አንድ ቀን ተኝተን ብንጫናትስ? ያንተ ፍርሃት ያተርፋታል?" አለ መሐንዲሱ።

ይህን እንኳ እውነቱን ነው። ሌላ ቦታ እንዳንፈልግ ደግሞ ያ ሁሉ ኮተት ቤቱን ሞልቶታል። ለሁለተኛ ጊዜ እሺ አልኩት። መሐንዲሱን ስንቀው የኖርኩትን ያህል ራሴን የናቅሁት ያኔ ነው።

ትንሿን አልጋ በአራት ረጃጅምና በአራት አጫጭር ብሎኖች ከግድግዳው ጋር አሰርኳት። በሁለት እጄ ነቀነቅኳት። ንቅንቅ አላለችም።

ሐሙስ ሕፃኗ እዚያው ተኛች። እንዳትነቃ ብለን ሦስታችን ወጥ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። ወጥ ቤቱ ከመጥበቡ የተነሳ የወንድሜ ትከሻ ትከሻዬን ይነካል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ሮቦቱ ተነሳ። ሲዞር ይሰማናል።

ከዚያ ዝም አለ።

ከዚያ... ሌላ ድምፅ።

ክርር... ክርር...

ብሎን ሲፈታ የሚያሰማውን ድምፅ አናጢ አይስተውም። ኪሴን ዳሰስኩ። ካቻቪቴዬ ኪሴ ውስጥ ነው።

"ማነው?" አለች ሚስቱ።

"ዝም በይ" አለ መሐንዲሱ።

"ልጄ እኮ ናት!"

ገፍታን በሩን ከፈተችው።

ትንሿ አልጋ ከቦታዋ የለችም። ክፍሉን አቋርጣ፣ ከወንድሜና ከሚስቱ ሶፋ ጎን፣ ጥጓን ይዛ ቆማለች። ሕፃኗ ተኝታለች። አንሶላዋ እስከ ብብቷ ተስቦ በሥርዓት ተሸፍናለች።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ስምንት ብሎኖች ተደርድረዋል። መጀመሪያ ረጃጅሞቹ፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹ። ጭንቅላታቸው ሁሉ ወደ አንድ በኩል።

አባቴ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብላ ብሎን እንዲህ የምትደረድርለት እማዬ ነበረች።

"አንተ ነህ" አለኝ መሐንዲሱ።

"ትከሻህ ላይ ተደግፌ?"

ስልኩ እጁ ላይ ጮኸ። ካርታው አልቋል። ነጥቦቹ ሁለት ብቻ አልነበሩም። ከነጩ አራት ማዕዘን በመስኮቱ በኩል ተነስተው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ክፍሉን አቋርጠው፣ ሕፃኗ ጋ ደርሰው ቆመዋል።

የሚመለሱ ነጥቦች የሉም።

 

ቅዳሜ ለቀቁ። ወደ ሚስቱ እናት ቤት ገቡ። ልጅቷ ደህና ናት፤ ድክ ድክ ማለት ጀምራለች። የእማዬ ቤት እስከ ዛሬ ተቆልፏል።

ሮቦቱን ሊጥለው ሲል እኔ ወሰድኩት። የምኖረው ከሥራ ቤቴ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የኔ ስልክ ካርታ የሚያሳይ ዓይነት አይደለም። አያስፈልገኝም፤ አቧራው ያሳየኛል። በየቀኑ በመስኮቴ በኩል አንድ ሜትር ከሃምሳ በሁለት ሜትር ሳይጠረግ ይቀራል።

የራሴን አልጋ ወደ በሩ አስጠጋሁ።

ባለፈው እሑድ አንድ ቋሚ ጠርቤ በመስኮቱ በኩል ወለሉ ላይ ተከልኩ። አዲስ እንጨት ነው። ቫርኒሽ አልቀባሁትም።

ዛሬ ጠዋት ሳየው፣ ለዓመታት በእጅ ሲያዝ እንደኖረ እንጨት ጫፉ ለስልሶ ያብረቀርቃል።