የግራው ገደል ሰዓት

የተራራ መሪውን ቲሌንን የቀጠርኩት ወድጄ አልነበረም። በስኪ በረዶ ላይ መንሸራተት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሌላ ሰው በጣለው ስኪ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ራሴ ነኝ የተማርኩት። ግን የተራራ መሪዎች ትምህርት ቤት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ አመልካቹ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ሲወርድ ያየ ባለሙያ መሪ ይፈርምለት። ማመልከቻው ቅዳሜ ይዘጋል፤ የደወልኩት ማክሰኞ ነው። ሚያዝያ እያለቀ፣ በረዶውም እየሳሳ ነበር።

«ማን ነው ያስተማረዎት?» አለኝ በስልክ።

«አይዳ።»

«አይዳ ማን?»

«እያናገረችዎት ያለችው።»

በአፍንጫው ተነፈሰ። የሳቀ መሰለኝና ጠላሁት።

ረቡዕ ከሰዓት ከቦሂን ሐይቅ በላይ ወዳለው የእትዬ ሚልካ ማረፊያ ወጣን። «ከዛፎቹ በላይ አንቱታ የለም» ብሎ አንቺ አለኝ። እትዬ ሚልካ የገብስ ሾርባ እየቀዱ፣ «ቲሌን፣ የዚች ልጅ ምላስ ከስኪዋ ይስላል፤ ተጠንቀቅ» አሉት።

«አይቻለሁ።»

«ገና አላየህም» አልኩ።

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ደጅ ወጥቶ በረዶውን በተረከዙ መታው። ሌሊቱ አጠንክሮት ድንጋይ ሆኗል። «እንሄዳለን» አለ። ጠባቡ የበረዶ ሰርጥ ሥር ስንደርስ ገመድ አወጣ።

«እንደ ፍየል ልታስረኝ ነው?»

«ፍየል አትጨቃጨቅም።»

ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ታሰርኩ። ስኪያችንን አዝለን፣ ጥርሳም ብረት ከጫማችን ሥር አስረን በሁለት የድንጋይ ግድግዳዎች መሀል ቀጥ ብለን ወጣን። ገመዱ አንድም ጊዜ አልጎተተኝም፣ አንድም ጊዜ አልላላም። ፊቱን ሳያዞር እርምጃዬን ያውቅ ነበር። ይኸም አናደደኝ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በረዶውን ዳበሰ። ላዩ ሁለት ጣት ያህል ለስልሷል።

«እኔ እቀድማለሁ። ከግራው ገደል ሥር ቆሜ አይሻለሁ፤ እጄን ሳነሣ ትከተያለሽ።»

የግራው ገደል። የምሠራበት የስኪ መጠገኛ መስኮት የሚያየው እሱን ነው። አራት ጸደይ ሙሉ፣ የሰው ስኪ ጠርዝ እየሳልኩ ገደሉ የሚራገፍበትን ሰዓት ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሦስት ሰዓት ካለፈ፣ ፀሐይ ስትጠነክር፣ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለው የበረዶ ግግር ይራገፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን ብዬ ነበር። ያቺን ግማሽ ሰዓት የበላት የኔው ክርክር ነው።

ከተናገርኩ ይመልሰኛል፤ ፊርማውም ይቀራል። ዝም ካልኩ እኔን ምንም አይነካኝም። ከገደሉ ሥር የሚቆመው እሱ ነው።

ስኪውን አጠለቀ። የጓንቱን ማሰሪያ በጥርሱ ሳበና ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ ለደንበኛ የሚሆን አልነበረም።

«ቆይ» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኩት።

«ታች ሳለን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቃለህ ብዬ።»

አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ስኪውን ፈታ። «በጀርባው፣ ሰፊና ቀጥ ባላለው በኩል እንወርዳለን» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሕይወቴ ያለ ክርክር ያመነኝ የመጀመሪያው ሰው፣ ያመነኝ ዕለት ተስፋዬን ይዞብኝ ወረደ።

ማረፊያው ደጅ ተቀምጠን ሰርጡን አየን። ሦስት ተኩል ሆነ። አራት ሆነ። አንዲት ጠጠር አልወደቀችም። መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ።

«ዋሸችኝ ትል ይሆናል» አልኩት።

«ለምን ትዋሻለሽ? ፊርማው የቀረብሽ አንቺ ነሽ።»

«ኧረ ፈርምላትና ትረፍ» አሉ እትዬ ሚልካ ከደጃፉ፣ ጭልፋቸውን እንደያዙ።

«ያላየሁትን አልፈርምም።»

«እኔም ያልወረድኩትን አላስፈርምም» አልኩ።

ያኔ ሳቀ። በስልክ የሰማሁት ሳቅ ይኼ አልነበረም።

«ነገ በአንቺ ሰዓት እንወጣለን» አለ። ከዚያ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። «ግን አንድ ነገር አለ። ነገም ከቀጠርሽኝ መሪሽ ነኝ። እፈርማለሁ፤ አፌንም እዘጋለሁ። መሪ ደንበኛውን በሌላ ነገር አያስቸግርም። ካልቀጠርሽኝ ቲሌን ብቻ ነኝ። የምልሽ አለኝ፤ ፊርማዬ ግን አይጠቅምሽም።»

እትዬ ሚልካ ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

የሚለውን ልሰማ ቸኮልኩ። ሞኝ ግን አይደለሁም።

«ቀጥሬሃለሁ» አልኩ። «የምትለው ነገር እውነት ከሆነ አንድ ቀን ያድራል። ማመልከቻው አያድርም።»

ዓርብ አልተከራከርኩም። ገመዱን ራሴ አሰርኩ። ሁለት ተኩል ሲል እሱ ወረደ፤ ገደሉ ጋ ሳይደርስ ቆሞ እጁን አነሣ። ዘለልኩ፤ ዞርኩ፤ የስኪዬ ስለት በረዶውን ነከሰ፤ እንደገና ዘለልኩ። ከግራው ገደል ሥር ሳንቆም አለፍን። ሰርጡ ተከፍቶ ሜዳው ላይ ተፋን።

ቲሌን ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በቀዘቀዘው ብዕር ላይ ተነፈሰና ፈረመ። «ሥራዬ አለቀ» አለ።

«በል እንግዲህ፣ ምን ነበር የምትለኝ?»

ብዕሩን ከደነ፤ መልሶ ከፈተው። ገደል የማይፈራው ሰውዬ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። ጓንቴን አውልቄ እጁን ያዝኩት።

እጄን አየ፤ እኔን አየ።

«ይኸንኑ ነበር» አለ።