የአሃሮን እናት ሥዕል

የልጅ ልጄ የናዳቭ እጅ ላይ ያየሁት ቀይ ነገር ቀለም ነበር ወይስ ደም? እሱን ብጠይቀው ያለቅሳል፤ እኔስ ለራሴ ምን ብዬ ልመልስ?

እዚሁ እስራኤል፣ ሮቫ አሌፍ ሰፈር፣ ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖረው ሠዓሊ መለሰ ወድቆ ጭንቅላቱ ከመስኮቱ የድንጋይ ደፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ያገኘው ናዳቭ ነው። አጠገቡ አንዲት እናት የሞተ ወታደር ልጇን ታቅፋ የምታለቅስበት ሥዕል ቆሟል። መለሰ ጎንደር ሳለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ ይሁዲ የሆነው እዚህ መጥቶ ነው። የሥዕሉን ሴትዮ እንዳየኋት አወቅኋት፤ ጎረቤታችን ታንጉት ናት። ልጇ አሃሮን ባለፈው ዓመት በሊባኖሱ ጦርነት ሞቶባታል።

መርማሪዋ ኢላኒት ሳሎኔ ተቀመጠች። የኛው የቤተ እስራኤል ልጅ ናት፣ አማርኛዋም ጥርት ያለ።

«ናዳቭ፣ ትናንት መለሰ ላይ ስትጮህ ተሰምተሃል።»

«አሃሮን ጓደኛዬ ነበር፤ ጻቫ፣ ጦሩ ውስጥ፣ አብረን ነው የገባነው። ሬሳውን አትሣል አልኩት። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ይቅርታ ልለው ገባሁ፣ ወድቋል። ቀና አደረግሁት፣ በቃ!»

«ዶሮ ሲታረድ ዐይኑን የሚጨፍን ልጅ እኮ ነው!» አልኩ እኔ።

«ይረጋጉ፣ እማማ ዘቢደር። ዛሬ እዚህ ማን መጣ?»

«ማን ይመጣል! የታንጉት ባል ሙላው ብቻ፣ ቀትር ላይ። ያውም አኩርፎኛል። ጉንጬ እስኪቀላ የሚስመኝ ሰውዬ ከበሩ አላልፍም አለ። ውሃ ብሰጠው ‹መሬት አስቀምጭልኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል› ይለኛል!»

ኢላኒት መጻፏን ተወች። «ናዳቭ ከመምጣቱ በፊት?»

«ገና ሳይመጣ።»

ሲመሻሽ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ሥዕሉን ግድግዳዬ ላይ አስደግፋዋለች። እኔ የናዳቭን እጅጌ ይዣለሁ፣ እንዳይወስዱብኝ። ታንጉት ሶፋው ላይ ናት። ሙላው አሁንም በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ ሙላው፣ ሰሞኑን ቀብር ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ ከሰው ለምን ተለዩ? አያቴ ስትነግረኝ፣ በኛ ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ለብቻው ነው፤ ሰውም ዕቃም አይነካም። አንቱ ይህን እዚህም አልተዉም። እማማ ዘቢደርን ያልሳሙት እንዳያረክሷቸው ነው። ግን ቀትር ላይ መለሰ መሞቱን የሚያውቅ አልነበረም። ሞቶ ቢያገኙት ኖሮ ይጮኹ ነበር። ዝም አሉ።»

ሙላው እጁን አየ።

«ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፣ ዘቢደር፤ አፌ ተያዘ። ስለ እምነታችን ስንቱን ስድብ ችለን መጥተን፣ ሚስቴን ማርያም አድርጎ ይሣላት? አቃጥለው አልኩት፣ እምቢ አለ፣ ገፋሁት። የነካሁት ትንፋሹን ልሰማ ነው።»

የናዳቭን እጅጌ ለቀቅሁ።

«ማርያም አይደለችም» አለች ታንጉት። «ሣለኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አሃሮንን በሣጥን አምጥተው አትክፈቺ አሉኝ። ሥዕሉ ላይ እንኳ ልቀፈው ብዬ ነው።»

ተነሥታ የተሣለውን ልጇን ግንባር በጣቷ ነካች። ነጠላዋን ተከናነበች። በሩ ጋ ስትደርስ ሙላው እንዳይነካት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እሷም በአጠገቡ አልፋ ወጣች።