አሥራ አምስተኛዋ ደቂቃ

ዮፍታሔ አጸደን አራት ጊዜ ያጣት በአሥራ አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ ነው። በአሥራ አራተኛዋ አይደለም፤ በአሥራ ስድስተኛዋም አይደለም፤ ልክ በአሥራ አምስተኛዋ።

እሱ ቡራዩ፣ እሷ ሰበታ። ያገናኛቸው ሁለት ሁለት ሆኖ የሚገባበት የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ነው። ከመቶ ሺህ ተጫዋች መካከል በዕጣ የተጣመሩ ዕለት በጆሮ ማዳመጫው «ሂድ፣ ከኋላህ ነኝ» ያለችው ድምፅ፣ የሰባት ዓመት ሕመምተኛ ከአልጋው የሚያስነሳ ድምፅ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ተጫወቱ፤ ስድስት ወር ሙሉ አወሩ። ዓይን ለዓይን ግን አንድ ቀን እንኳ አልተያዩም።

ከፋሲካ ወዲህ ጉድ መጣ። ሲጀምር እንደ ውኃ የሚፈሰው ኮምፒውተር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላው ይንቀራፈፋል። ሥዕሉ ይጎተታል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከዚያ ድርቅ! አጸደ በጠላት መሀል ብቻዋን ትቀራለች።

«ደግሞ ሄድክ?» አለችው በአራተኛው።

«የት እሄዳለሁ? ኮምፒውተሩ ነው እንጂ!»

«ሁልጊዜ አሥራ አምስተኛዋ ደቂቃ ላይ?»

«ሁልጊዜ!»

«ብልሽት ሰዓት አይቶ አይመጣም፣ ዮፍታሔ። ሰዓት አይታ የምትደውል ሴት ናት።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከእሱ በፊት «ኔትወርክ ነው» እያለ ዓመት ሙሉ የሸነገላት ሰው ነበር፤ በመጨረሻ የደረሳት የሠርጉ ጥሪ ወረቀት ነው። ይህን ሲያስታውስ ዮፍታሔ መሳቁን ተወ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሐምዱ ዘንድ ወሰደው። ሐምዱ ማለት ከቡራዩ እስከ አምቦ የሞተ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ጠጋኝ ነው። ፈታታው፤ አቧራውን በነፋስ አራገፈ፤ ራም ቀየረ፤ የማቀዝቀዣ ቅባቱን አደሰ፤ ፎርማት አደረገው። ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወተበት። ንቅንቅ አላለም።

«ብሮ፣ ይሄ ዕቃ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው።»

«ቤት ስወስደው ይቆማላ!»

«እንግዲያው የታመመው ቤታችሁ ነው። መብራታችሁን አስመርምሩት።»

ቤት ገባ። በአሥራ አምስተኛዋ ደቂቃ ቆመ። ዮፍታሔ ጥፋቱን በጎረቤቱ ብየዳ ቤት አላከከ፤ ብየዳ ቤቱ ተዘግቶ ሲውልም ቆመ። ሦስት ጊዜ ሐምዱ ዘንድ ተመላለሰ። እዚያ ይጋልባል፣ እዚህ ይንበረከካል። የዮፍታሔ ክብደት በአንድ ሳምንት ግማሽ ሆነ ቢባል ትንሽ ነው የተጋነነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቅዳሜ ከሱሉልታው ልጅ ከራያ ቡድን ጋር ግጥሚያ አለባቸው። ራያ ለአጸደ ሲጽፍ ከርሟል፦ «ያንን ቀርፋፋ ተይውና ከእኔ ጋር ሁኚ።» ጨዋታ ብቻ እንዳላሰበ ሁለቱም ገብቷቸዋል።

ዓርብ ዕለት አጸደ ደወለች።

«ነገ ላፕቶፔን ይዤ ቤታችሁ እመጣለሁ። ከጎንህ ተቀምጬ እጫወታለሁ። ከቆመ አምንሃለሁ። ካልቆመ ግን ቁጥሬን ከስልክህ አጥፋው።»

ዮፍታሔ የዚያን ዕለት ንብረቱ እንዲበላሽለት ስለት ተሳለ።

አጸደ ሦስት ታክሲ ቀይራ መጣች። በሩ ላይ ሲያያት የተዘጋጀበት ንግግር ሁሉ ጠፋው። እሷም አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን ወደ ላፕቶፕ ቦርሳዋ መለሰች። እናቱ ለእንግዳዋ ብለው ከማለዳ ጀምረው ቤቱን ሲያጥቡ ውለዋል፤ መጋረጃ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ ያገኙት ጨርቅ ሁሉ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ተጀመረ።

አሥር ደቂቃ። አሥራ ሦስት። ፍጥነቱን የምታሳየው ቁጥር በስክሪኑ ጥግ ዘጠና ላይ ተተክላለች። አሥራ አምስተኛዋ ደቂቃ መጣች፤ አለፈች። አሥራ ስድስት። አሥራ ስምንት። ዕቃው እንደዚያን ቀን ሠርቶ አያውቅም!

«ዛሬ ማንም አልደወለልህም» አለች አጸደ፣ ዓይኗን ከላፕቶፗ ሳታነሳ።

«አጸደ፣ እመቤቴን…»

«ተኩስ። ቢያንስ እናሸንፍ።»

ሊያሸንፉ ምንም አልቀራቸውም። በሕይወቱ እንደዚያ ጥሩ ተጫውቶ፣ እንደዚያም በውስጡ ሞቶ አያውቅም።

እናቱ የታጠበ ነጭ ዳንቴል ይዘው ገቡ።

«ውይ! እንግዳ መጥታ ይሄ ዕቃ ራቁቱን?» ብለው ኮምፒውተሩን ከአናቱ እስከ ኋላው አለበሱት፤ ከኋላም በመርፌ ቁልፍ አያያዙት።

የአጸደ ጣቶች ቆሙ። ዳንቴሉን ታውቀዋለች። ለፋሲካ፣ ለትራሱ ብላ በገዛ እጇ ሠርታ የላከችለት ነው።

«እማማ፣ ይሄ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው?»

«ከመጣ ጀምሮ! ዛሬ ገና አጠብኩት። ለትራስህ ይሁን ብለው እንቢ አለኝ፤ ከልጅቷ ጋር የሚያወራበት ዕቃ ላይ ካልሆነ አለ። እኔም አቧራ እንዳይገባ እይዝለታለሁ።»

ዮፍታሔ ጆሮው ድረስ ቀላ። ማራገቢያው እንደ አውሮፕላን መጮህ ጀመረ። ዘጠና የነበረችው ቁጥር ሰባ ሆነች፤ አርባ፤ ሃያ።

«ጀመረው!» ብሎ በደስታ ጮኸ።

አጸደ የኮምፒውተሩን ጀርባ በእጇ ዳሰሰች። ምድጃ ነው። ሙቀቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። ዮፍታሔ ጨርቁን ሊገፍ እጁን ሲሰድ ያዘችው።

«ተወው። ልየው።»

«ራያ እየመጣ ነው እኮ!»

«ይምጣ።»

ቁጥሯ አሥራ አንድ ላይ ወደቀች፤ ሥዕሉም ደረቀ። ራያና ጓደኛው እየተዝናኑ ገብተው ሁለቱንም ጨረሷቸው።

አጸደ መርፌ ቁልፉን ፈትታ ዳንቴሉን አነሳች። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሯ ወደ ዘጠና መውጣት ጀመረች። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«እኔው አፍኜህ፣ እኔው ሌላ ሴት ፈለግሁብህ» አለች።

«ዳንቴልሽ ነው ያቆመው ብልሽ ታምኚኝ ነበር?»

«አላምንህም ነበር።»

ስልኳ ጮኸ። ራያ ነው፦ «አየሽ?» በአንድ እጇ «አየሁ» ብላ ጻፈችና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው።

አመሻሽ ላይ ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኛት። አንዱ ታክሲ ባዶ ወንበር ይዞ ቆመ፤ አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም አለፉ።

«አባዬ የት ዋልሽ ካሉኝ ምን ልበል?»

«ኮምፒውተር ሳስጠግን በያቸው።»

«ተጠገነ ወይ ቢሉኝስ?»

ዮፍታሔ አሰበበት።

«ነገም መታየት አለበት በያቸው።»

አራተኛውም ታክሲ አለፈ።