በጉም ውስጥ የተነቀለው ፒን

የሐምሌ ጉም ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ላይ ወርዶ መሬት ለመሬት በሚሳብበት ማለዳ፣ አቶ ወልደገብርኤል በብረት ሐዲድ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ ሞተው ተገኙ። ዕድሜያቸው ስድሳ ዘጠኝ ነበር። አርባ አንዱን ዓመት የኖሩት አውሮፕላን ሲጠግኑና ለበረራ ብቁ መሆኑን በፊርማቸው ሲያረጋግጡ ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ እጃቸው ሥራ መፍታትን እንቢ ብሎ፣ ከየካ በላይ በተራራው ትከሻ ላይ በተከፈተ አንድ አነስተኛ ድርጅት ተቀጥረው ነበር። ድርጅቱ ደምና መድኃኒት በሰው አልባ አውሮፕላን ወደ ሩቅ ጤና ጣቢያዎች ይልካል። አውሮፕላኖቹ መንደርደሪያ ሜዳ አይሹም፤ በሐዲድ ላይ የሚሮጥ ጋሪ በታመቀ አየር ኃይል ወደ ሰማይ ይወረውራቸዋል። ሠራተኞቹ ይህን መሣሪያ «ወንጭፉ» ይሉታል። አዛውንቱን ደረታቸው ላይ የመታቸው የዚሁ ወንጭፍ ጋሪ ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ወርቄ ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ ሪፖርቱን ጽፎ ጨርሶ ኖሮ ወረቀቱን ዘረጋላት። «ሟች ጋሪውን የሚቆልፈውን የደኅንነት ፒን ሳይሰኩ ከሐዲዱ ሥር በመግባታቸው፣ በራሳቸው ቸልተኝነት ሕይወታቸው አልፏል» ይላል።

«ፒኑ የት ተገኘ?»

«መጋዘን ውስጥ፣ በመሣሪያ ሰሌዳው ላይ ተሰቅሎ። ጨርሶ አልተነካም፣ ኢንስፔክተር።»

ወርቄ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከአጥሩ ሥር ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች ሴት ቆማ ነበር፤ የሟች ልጅ፣ መምህርት መቅደላዊት። አላለቀሰችም። እንባዋን ለሌላ ነገር ያቆየች ትመስላለች።

«ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት?» አለች። «ሞት የእግዜር ነው፤ አልከራከርም። ‹ቸልተኛ› የሚለውን ቃል ግን ከአባቴ ስም አጠገብ አትጻፉብኝ። በእሱ ፊርማ ስንት ሺህ ሰው ተሳፍሮ በሰላም ወርዷል! እሱ ፒን ከረሳ ያ ሁሉ ፊርማ ምን ሊባል ነው?»

«እውነቱ ይህ ከሆነ እጽፈዋለሁ፣ እህቴ። ካልሆነ ግን ማንም አይጽፈውም። ማን ነው የነገረሽ?»

«ወንድሜ እንድርያስ። እዚሁ ነው የሚሠራው። ከመሪ ሰፈር ተነሥቶ እየመጣ ሳለ ደወለልኝ። ‹አባባ ፒኑን ሳይሰካ ገብቶ ጉዳት ደረሰበት፣ ነይ› አለኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም ነበር።»

ወርቄ ወደ አስከሬኑ ወረደች። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ጋሪው የመታቸው አሥራ ሁለት ተኩል ግድም ነው» አላት። «ወዲያው ግን አልሞቱም። ሩብ ሰዓት ያህል ነፍሳቸው አልወጣችም።» ከሟች እጅ አጠገብ በመቀስ የተቆረጠና እንደ ቆብ የታጠፈ፣ መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ወድቃለች። በቱታቸው የደረት ኪስ ውስጥ ደግሞ 112 የሚል የተቀረጸባት ክብ የናስ ቁጥር አለች።

«ይህችን ታውቂያታለሽ?» አለች ወርቄ ናሷን ለመቅደላዊት እያሳየች።

«የአባባ ቁጥር ናት። ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰናበት ለመታሰቢያ የሰጡት። ከቁልፍ ማያያዣው አትለይም።»

ወርቄ የሟችን የኋላ የሱሪ ኪስ አስፈተሸች። የቁልፍ ማያያዣው እዚያ ነበር፤ ቁጥሯ የምትንጠለጠልበት ቀለበት ግን ባዶ ነው።

መጋዘኑን ያስከፈተችው ዘበኛው ሊሊሳን ይዛ ነው። በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ መፍቻው ሁሉ መልኩ በቀለም ተሥሎለት በየቦታው ተሰቅሏል። በጉሙ ምክንያት ከቅዳሜ ወዲህ በረራ አልነበረም። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሐምሌ ገብርኤል ነበረና፣ የሦስት ቀኑ እርጥበት በብረቶቹ ሁሉ ላይ እንደ ላብ ችፍ ብሏል። ወርቄ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች ሄዳ ፒኑ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ቀይ ጥብጣቡ በሥርዓት ተጠምጥሞበታል። በላዩ አንዲት ጠብታ የለችም። በወረቀት ነካ ስታደርገው ወረቀቱ ላይ ዘይት ቀረ።

«ሊሊሳ፣ ዛሬ ማን ገባ?»

«በበሩ ጋሼ ወልደገብርኤል ብቻ። በጓሮ ከሆነ ጅቡም ይገባል፤ አጥሩን እንዲያጥሩ ስንት ጊዜ ለመንሁ! ‹በሐዲዱ ላይ ካሜራ አለን› ይሉኛል። ካሜራው ጅብ ያባርር እንደሁ እንጃ።»

«ከጋሼ ጋር ምን ተባባላችሁ?»

«‹ዛሬ የስምዎ ቀን አይደለም እንዴ፣ ቅዳሴውስ?› አልኋቸው። ‹ትንሽ ሥራ አለችኝ፣ ሠርቼ እሄዳለሁ› አሉኝ።» ሊሊሳ ባርኔጣውን አወለቀ። «ከዚያ ወንጭፉ ሲጮህ ሰማሁ። እየሞከሩት ነው ብዬ ተውሁት። አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ይዤላቸው ብሄድ…»

«ለልጃቸው የደወልህለት አንተ ነህ? ምን አልኸው?»

«‹አባትህ ታመዋል፣ ቶሎ ና› አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ? መርዶ በስልክ አይነገርም።»

«ስለ ፒኑ አልነገርኸውም?»

«የቱ ፒን? እኔ የማውቀው የበሩን ቁልፍና የውሻውን ስም ነው።»

የድርጅቱ ባለቤት ሱፊያን፣ ከመኪና መለዋወጫ ንግድ ወደ ሰማይ ንግድ የተሻገረ ሰው፣ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ሐሙስ የፈቃድ መርማሪዎች ይመጡብኛል። ወንጭፉ አጠገቡ ሰው ሳይቆም፣ በኮምፒዩተር ብቻ እንዲተኮስ ነው የጠየቅነው። ጋሼ ግን ‹ካሜራው በጉም ውስጥ ሰው ማየቱን ሳላረጋግጥ አልፈርምም› ብለው ነበር። ይህ እኔን ያስጠረጥረኛል፤ አውቃለሁ።»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«ሱብሒ ሰግጄ፣ መሪ መስጊዱ ደጃፍ ከሽማግሌዎች ጋር። አንድ ሰዓት እስኪሆን አልተለየኋቸውም። ደግሞስ ኢንስፔክተር፣ እነዚህን እጆች ይመልከቱ፤ ካቻቢቴ ይዘው አያውቁም።»

በረራውን በስክሪን የምትቆጣጠረው ኢልሃም ዓይኗ አብጦ ነበር። «ሲስተሙን አየሁት» አለች። «ዛሬ ጠዋት ወንጭፉ አልተተኮሰም ይላል። ሊሊሳ ግን ሰምቷል። ስለዚህ ሪከርዱ ተሰርዟል ማለት ነው። መሰረዝ የምንችለው ደግሞ እኔና እንድርያስ ብቻ ነን።»

«ራስሽን መክሰስሽ ነው እኮ።»

«እውነቱ ነዋ! እኔን የካ አባዶ መጥቶ የወሰደኝ የድርጅቱ ሾፌር ነው፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገና መኪና መግባቴ ነበር። ይጠይቁት።»

ወርቄ ናሷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህች ለምን ትውላለች?»

«ጋሼ ከድሮ የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋራቸው ያመጡት ሥርዓት ነው። ከሰሌዳው መሣሪያ ስታነሺ ቁጥርሽን በቦታው ትሰቅያለሽ። መሣሪያው ሲመለስ ቁጥርሽን ታነሻለሽ። ማን ምን እንደያዘ በአንድ ዓይን ይታያል። ፒን የሰካ ሰው ራሱ ነው የሚነቅለው፤ ያውም ሦስት ጊዜ ‹ሥር ሰው አለ?› ብሎ ተጣርቶ።» ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «የተጠቀምንበትን መሣሪያ ጠርገን ዘይት ሳንቀባ ብንሰቅል መልሰው ያስወርዱን ነበር። ‹የቆሸሸ ብረት የሚሰቅል፣ የቆሸሸ ሥራ ይፈርማል› ይሉናል። እኔንና እንድርያስን ነው ያስተማሩን፤ ሱፊያን ‹የቀጠርኋችሁ ለኮምፒዩተር ነው ለጨርቅ?› እያለ ይስቅብን ነበር።»

«ይህችስ ቆርቆሮ?»

ኢልሃም ቆርቆሮዋን ተቀብላ አገላበጠቻት። ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች። «የካሜራው ልክ ናት» አለች በጭንቅ። «ጤዛ መስተዋቱ ላይ እንዳያርፍ… ጥላ እየሠሩለት ነበር።»

እንድርያስ የመጣው በመጨረሻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ወንጭፉን የሚያዝዘውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው።

«ከአባትህ ጋር አልተስማማችሁም ነበር?»

«አባባ ሞተርን በጆሮው እያደመጠ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ሞተሩ ራሱ ሕመሙን ከሰማይ በመልእክት ይልካል፤ መካኒኩ ገና ሳይነካው የቱ ክፍል መቼ እንደሚደክም ይታወቃል። ዓለም ወደዚህ ሄዷል፣ ኢንስፔክተር። እሱ ግን ‹መጀመሪያ በዓይኔ ልየው› ይላል።»

«ካሜራህ ሰው ካየ ወንጭፉ አይተኮስም፤ አይደል?»

«አይተኮስም።»

«በጉምም?»

እንድርያስ ዓይኑን ወደ ሐዲዱ መለሰ።

በአሥር ሰዓት ወርቄ ሁሉንም በመቆጣጠሪያው ኮንቴይነር ውስጥ ሰበሰበች። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ሪፖርቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይህ ወረቀት አቶ ወልደገብርኤል ፒኑን አልሰኩም ይላል። ማስረጃውም ፒኑ በሰሌዳው ላይ መገኘቱ ነው። እኔ ግን ከቁጥሯ ልጀምር። የእሳቸው ቁጥር ከቁልፍ ማያያዣቸው የምትወልቀው መሣሪያ ሲያነሡ ብቻ ነው፤ ከማያያዣው ወደ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው ወደ ማያያዣው። ዛሬ የተገኘችው ግን ለብቻዋ በደረት ኪስ ውስጥ ነው። እንግዲያስ ሰሌዳው ላይ ተሰቅላ ነበር፤ ከዚያ ያወረዳት ሌላ ሰው ነው። ማያያዣውን ከሟች ሥር ለማውጣት አቅም አጥቶ፣ ቅርብ ያገኘው ኪስ ውስጥ ከተታት።»

«ያ ሰው ያነሡትን መሣሪያ መልሷላ!» አለ ሱፊያን።

«አዎን፣ ፒኑን። ሰሌዳው ላይ ያለው ብረት ሁሉ የሦስት ቀን ጤዛ ለብሷል፤ ከፒኑ በቀር። ፒኑ ዛሬ ጠዋት ተጠርጓል፣ ዘይትም ተቀብቷል። ወንጀሉን ሊደብቅ የቸኮለ ሰው ለምን ፒን ይጠርጋል? አስቦ አይመስለኝም። እጁ ነው የጠረገው። እጁን ያሠለጠኑት አቶ ወልደገብርኤል ናቸው።»

ኢልሃም ዐንገቷን ደፋች። ወርቄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከእሳቸው የተማሩት ሁለት ናቸው። ሪከርድ መሰረዝ የሚችሉትም እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ኢልሃም በዚያ ሰዓት የካ አባዶ ነበረች፤ ሾፌሩን ጠይቄአለሁ። የቀረው አንድ ሰው፣ ሊሊሳ ‹አባትህ ታመዋል› ብቻ ብሎ የደወለለት ሰው ነው። ያ ሰው ገና ተራራው ላይ ሳይደርስ፣ አባቱ ፒን እንዳልሰካ ለእህቱ ነገራት።»

መቅደላዊት ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «እንዱ?» አለች። የልጅነት ስሙ ነበር።

እንድርያስ ከቆመበት ግድግዳውን እየታከከ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ቅዳሴ ላይ መስሎኝ ነበር» አለ። «የስሙ ቀን አይደል… በጉም ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጌ ሪከርዱን ላሳየው ነበር። በጓሮ ገባሁ። ፒኑን ቅዳሜ ሰክቶት የሄደ መሰለኝ፤ ነቀልሁት። ሰሌዳውን አላየሁም፤ በጉሙ የሐዲዱ ሥርም አይታይም። ሊሊሳ ድምፄን እንዳያውቅ ብዬ አልተጣራሁም። ስክሪኑ ‹መንገዱ ክፍት ነው› አለኝ፤ ተኮስሁ።»

ወርቄ ቆርቆሮዋን ፊቱ አኖረችለት። «ከሐዲዱ ሥር የገቡት ይህችን ለካሜራህ ሊገጥሙ ነው። ፈቃዱ እንዲሰጥህ ሊፈርሙልህ ነበር።»

ወጣቱ ቆርቆሮዋን አልነካትም።

«ሩብ ሰዓት በሕይወት ነበሩ» አለች ወርቄ።

«እጁን ይዤው ነበር።»

«ለማንም አልደወልህም?»

«አልደወልሁም።»

«ማቀዝቀዣው ውስጥ ደም ነበር!» ብላ ጮኸች ኢልሃም። «ደም የምንልክ ሰዎች ነን እኮ!»

መቅደላዊት በእጇ ጸጥ አሰኘቻት። ወንድሟ ፊት ተንበረከከች። «አባባ ተናግሯል?»

እንድርያስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«‹ፒኑን ማን ነቀለው?› አለኝ።»

«ምን አልኸው?»

«‹ማንም አልነቀለውም፣ ስላልሰካኸው ነው› አልሁት። ‹እንግዲያስ ረስቼ ነው› አለ። ‹አርጅቻለሁ፣ ልጄ። አትፍረዱብኝ› አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

ሱፊያን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወርቄ ሪፖርቱን አንሥታ ከአራት ቀደደችው፤ መቅደላዊት ግን ወረቀቱን ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

«አባባ የት ነው ያለው?» አለች።

«ሆስፒታል፣ አስከሬን ክፍል። ነገ ጠዋት ትረከቢያለሽ።»

«ነገ አይሆንም። ዛሬ ውሰዱኝ።»

እንድርያስን በአንደኛው መኪና ወሰዱት። ወርቄ መቅደላዊትን ራሷ እያሽከረከረች ቁልቁለቱን ወረደች። የአስከሬን ክፍሉ ጠባቂ ሰዓቱ አልፏል ብሎ ሊከላከል ሞክሮ ነበር፤ የመቅደላዊትን ፊት ባየ ጊዜ በሩን ከፈተ። መቅደላዊት ገብታ ነጩን ጨርቅ እስከ ትከሻው ገለጠችው፤ ግንባሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ አጎንብሳም አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«አባባ» አለችው፣ «ሰክተኸው ነበር። አልረሳህም።»

ያቆየችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ።