ወደ ቀኝ እምቢ ያለችው መኪና

ጋራዡ ባዶ ነበር። ቀይዋ የውድድር መኪና የለችም። በቆመችበት ቦታ የቀረው መዳፍ የማታህል የዘይት ጠብታ ብቻ ናት።

መርማሪዋ ስትደርስ ኮንስታብሉ መካኒኩን ካቴና አጥልቆለት አገኘችው።

«ቁልፍ ያለው እሱ ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ከባለቤቱ ሌላ ማለቴ ነው።»

«ባለቤቱስ ቁልፋቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ሳሎን፣ ሚስማር ላይ።»

«ታዲያ ሚስማሩን ምነው ሳታስረው ቀረህ?»

መካኒኩ አልሳቀም። ባለመኪናው ሽማግሌ «ስሞት ያንተ ናት» ካሉት ገና ሳምንቱ ነው። ዛሬ ሌባ ከተባለ መኪናዋም ቀረች፣ ስሙም ቀረ፣ ሥራውም ገደል ገባ።

ሽማግሌው መርማሪዋን ወደ ጥግ ሳብ አደረጓት።

«ልጄ፣ ምስጢር ነው። መኪናዋ ግራኝ ናት።»

«እንዴት ማለት?»

«መሪዋ ከተሠራ ወዲህ ወደ ግራ ስትዞር እንደ ታሰረች ፍየል ናት፣ እዚያው ባለችበት ትሽከረከራለች። ወደ ቀኝ ግን ጎረቤት አገር ሳትደርስ አትመለስም። ይህን የምናውቅ እኔና መካኒኩ ብቻ ነን።»

«ምነው ደበቁት?»

«ዋንጫዎቼን ሁሉ የበላሁት ሜዳው ወደ ግራ ብቻ ስለሚዞር ነው ልበል?»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ በሩ ሄደች። የጎማው ዱካ ከበሩ ወጥቶ ወደ ቀኝ ታጥፏል። የማዶው ግንብ ቀይ ቀለም ልሷል። ከዚያ ዱካው ወደ ኋላ ተመልሶ በግራ በኩል አስፋልት ገብቷል።

መካኒኩ ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ በግራ ይወጣ ነበር። ይሄኛው ሌባ የመኪናዋን አመል የተማረው ከግንቡ ነው!

ዱካውን በሸራ አስከደነችና አሮጌ ዕቃ የሚነግደውን ጎረቤት አስጠራች። መኪናዋን ሽጡልኝ ብሎ ሽማግሌውን ደጅ ሲጠና የከረመ ሰው ነው።

«ሌባው በቀኝ በኩል እጥፍ ብሎ ሄዷል» አለችው።

«ይሁና! በቀኝ ሄደ በሰማይ፣ እኔን ምን አገባኝ?»

ቀጥሎ የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ገባ፤ ጫማው የተወለወለ፣ ፊቱ ያዘነ።

«እርስዎ ነድተዋት ያውቃሉ?»

«በሕይወቴ መሪዋን ነክቼ አላውቅም።»

«ሌባው ከበሩ ወጥቶ በቀኝ በኩል እጥፍ ብሎ ሄዷል።»

ሰውየው ሳቁ አመለጠው። «ኢንስፔክተር፣ ያቺ ግትር ወደ ቀኝ መቼ እሺ ትልና!»

ኮንስታብሉ እንኳ ገባው።

«ማን ነገረዎት?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ግንቡ ነው?»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ቀለጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አንዴ መሪዋን አስይዘኝ ብዬ ስለምንህ ኖሬ፣ ለባዳ ትሰጣታለህ? እሱ ቢታሰር ሐሳብህን ትቀይራለህ ብዬ ነው።»

«ልትሰርቃት ስትነሣ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉ ሽማግሌው። «ቢያንስ በግራ ውጣ እልህ ነበር።»

መኪናዋ ከታናሽ ወንድሙ መጋዘን ሸራ ለብሳ ተገኘች። መርማሪዋ ካቴናውን ከመካኒኩ አስፈትታ ለወንድምየው አስጠለቀችና መሪውን ለመካኒኩ ሰጠችው።

«ሰውየውን ጣቢያ አድርስልኝ።»

ጣቢያው ከመጋዘኑ በር በስተቀኝ፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። መካኒኩ ግን ወደ ግራ ታጠፈ። ደግሞ ወደ ግራ። ከተማው በሙሉ በየበረንዳው ወጥቶ አየ። ወንድምየው ዕድሜ ልኩን የለመናትን መኪና ጠግቦ ተሳፈረባት፤ መሪዋን ግን አሁንም አልያዘም።