ጥርስ ነው፣ ያልፋል

ልጆቼ፣ ጽሑፌ ትንሽ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ነገሩ ግን አልተንጋደደም። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ባለታሪኩ በገዛ አፉ ነግሮኛል።

ጨለማ የለበትም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻም አላላዘነም።

እሁድ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ታቃጥላለች።

ቦታው የሕፃናት ክሊኒክ፣ ሰው የሌለበት የተራ መጠበቂያ ክፍል...

እኔ የቧንቧ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ባለታሪኩ ደግሞ የዘመናት ደንበኛዬ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል፤ ከሦስት ግድግዳ ወዲያ የሚንጠባጠብ ውሃ ይሰማል እየተባለ። እውነትም ይሰማል። አንዴ ሱቄ ቆመን ወሬ ስንሰልቅ ድንገት ጆሮውን አቀና።

«ጋሼ፣ ጓሮ ያለው ቧንቧህ ያለቅሳል» አለኝ።

ሄጄ ባይ፣ እንዳለው።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ የሰባት ወር። ጥርስ ስለሌላት «ድዴ» ነበር የሚላት። እናቷ ታቅፋት ሱቄ ስትመጣ፣ እኔ ይህን ሰው ሠራሽ ጥርሴን አውልቄ ባዶ አፌን አሳያታለሁ። ያኔ ትስቃለች... ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የምትስቀው። ጥርስ የሌለን ሁለት ሰዎች እንዲህ እንሳሳቅ ነበር።

«ጥርሷን የማወጣላት እኔ ነኝ» ይላል ጠብታ። «ሥራዬ አይደል እንዴ?»

ቀልዱ እንዲገባችሁ ሙያችንን ላስረዳ። ቧንቧ ከሌላ ዕቃ ጋር እንዲጠመዘዝ ጫፉ ላይ የሚቀረጸውን ጥምዝምዝ «ጥርስ» ነው የምንለው። ብረት ከሆነ በመሣሪያ ጥርስ ይወጣለታል። ፕላስቲክ ግን ስስ ነው፤ ጥርስ ላውጣልህ ቢሉት ይሰነጠቃል። ለእሱ ባለ ጥርስ መጋጠሚያ በሙጫ ይለጠፍለታል። እንደ እኔ፣ የተገዛ ጥርስ ማለት ነው።

አንድ ማክሰኞ ሚስቱ ሥራ ቦታ ደወለችለት።

«ድዴ ትኩሳት አላት። እጄን አቃጠለችኝ።»

«ድዷስ?»

«አብጧል።»

«ጥርስ ነው፣ ያልፋል» አላት። «ይቺን ቧንቧ ልጨርስና እመጣለሁ።»

ጥርስ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ እናትየው ብቻዋን ክሊኒክ ወሰደቻት። ተራ ሲጠብቁ ትልቁ የዓሣ ገንዳ ፊት ተቀመጡ። ልጅቷ አፏን መስታወቱ ላይ አስጠግታ ዓሣዎቹን ስታይ ነበር አሉ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ገቡ። ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አደረገ፣ ግን መሽቶ ነበር...

ጠብታ እየሮጠ የክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ፣ ሚስቱ ባዶ እቅፏን ይዛ ስትወጣ አገኛት።

«ጥርስ ነው ብለኸኝ ነበር» ብላ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችበትም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ዝምታዋ እንደ መጋዝ ገዘገዘው።

ከዚያ ወዲህ «ጥርስ» የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። ሱቄ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሚጠመዘዘውን ስጠኝ» ይለኛል። ሌሎቹ ሠራተኞች መጀመሪያ ሳቁበት። እኔ ቀና ብዬ ሳያቸው ተዉት።

በሦስተኛው ወር ያው ክሊኒክ የዓሣ ገንዳው እያፈሰሰ ስላስቸገረ አስጠራው።

«ተው፣ ሌላ ሰው ይሂድ» አልኩት።

«የለም ጋሼ። መጨረሻ ላይ ያየችውን ልየው።»

ቧንቧውን፣ መጋጠሚያውን፣ ሙጫውን ጠቅልዬ ሰጠሁት።

ያን እሁድ በሩን የከፈቱለት የጽዳት ሠራተኛዋ አሮጊት ናቸው።

«መጣህልኝ የኔ ልጅ!» አሉት። «ስወለውል ውዬ ስወለውል እገባለሁ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው ወይስ ለመርከበኛነት?»

«ዛሬ ያልቃል እማማ።»

«እንዳፍህ ያድርገው። ፎቅ ላይ ነኝ፣ ካስፈለግኩህ ተጣራ።»

ብቻውን ቀረ።

ገንዳው መሐል ላይ አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ትርፉ ውሃ በቧንቧው አፍ ገብቶ ከሥር ወዳለው ትንሽ ገንዳ ይወርዳል፤ ከዚያ ሞተር መልሶ ይገፋዋል። ቧንቧው ከሥሩ ከተነቀለ ግን የላይኛው ውሃ ሁሉ ወርዶ ወለሉን ያጥለቀልቃል።

ከሥሩ ተነቅሏል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል።

ሰው እየወዘወዘ የነቀለው ነው የሚመስለው...

ጠብታ ቀና ሲል ዓሣዎቹን አየ። በተረፈችው ውሃ ሁሉም አንድ ጥግ ተሰብስበው፣ ወደ አንድ ባዶ ወንበር ዞረው ቆመዋል። ምግብ በተነላቸው። አንዱም አልዞረም።

መስታወቱ ላይ፣ ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ብሎ... ሳንቲም የምታህል ክብ እንፋሎት አለች።

በእጅጌው ጠረጋት።

ተመልሳ መጣች።

«ሙቀቱ ነው» አለ ለራሱ።

ሥራው ላይ አቀረቀረ። የተነቀለውን ቧንቧ አውጥቶ ሲያገላብጥ፣ አፉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ጠባሳ አገኘ።

«እማማ! እዚህ ቤት አይጥ አለ እንዴ?»

«ገንዳ ውስጥ?» አሉ ከላይ። «ዋና የሚችል አይጥ ካገኘህ ለእኔም አሳየኝ!»

ሳቅ አለ። አዲሱን ቧንቧ ለክቶ ቆረጠ። ጫፉን ሞረደ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ ሙጫ ቀባ፣ የሚጠመዘዘውን መጋጠሚያ ከታች ሰካለት። ለማጽዳት ሲፈለግ እየተፈታ የሚገጠም እንዲሆን ነው።

ሙጫ መጀመሪያ ይገፋል። ሠላሳ እስኪቆጠር አጥብቀው ካልያዙት ቧንቧው ወደ ኋላ ይወጣል። ጠብታ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ በሁለት እጁ እቅፍ አድርጎ ያዘው።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ሠላሳ ሞላ። አሁንም ይገፋል።

አርባ። ሃምሳ።

የሙጫ አገፋፍ አይደለም። ለስለስ ያለ ነው... አቅፈዋት ስትንፈራገጥ እንደነበረው።

አለቀቀም። አንዴ ሥራ አስቀድሞ ዘግይቷል፤ ያን ቀን ግን ከዚያ ቧንቧ የሚበልጥ ሥራ አልነበረውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ታቅፎ፣ ሳያውቀው መወዝወዝ ጀመረ።

መቶ ሲሞላ... ዝም አለ። እንቅልፍ እንደወሰደው።

ሙጫው እስኪጠነክር ካቆየ በኋላ ጥምዝምዙ ላይ ነጩን ቴፕ ጠቅልሎ በእጁ ብቻ አጠበቀው። ውሃ ሞላ። ሞተሩን አስነሳ። አንድ ጠብታ የለም። ደስ ብሎት እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ ሰማ። ውሃው ቧንቧው አፍ ላይ ሲገባ... ቡ... ቡቡ... ቡ...

ጠብታን ታውቁታላችሁ። የውሃን ድምፅ አይስትም።

ያ የውሃ ድምፅ አልነበረም።

በእርጥብ እጁ ተመለሰ። አሁን የቆረጠው፣ ራሱ ሞርዶ ያለሰለሰው አዲሱ ቧንቧ አፍ ላይ... ጎን ለጎን... ሁለት ትንንሽ ጠባሳ።

እጁን ሰደደ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። የቧንቧው አፍ ግን...

አቃጠለው።

የሚስቱ ቃል መጣበት። *እጄን አቃጠለችኝ።*

«ድዴ?» አለ በሹክሹክታ።

ድምፁ ቆመ። ሞተሩ እየዞረ፣ ውሃው እየወረደ፣ ድምፅ የለም።

«እኔ ነኝ... አባባ።»

ዓሣዎቹ ሁሉ ባንዴ ዞረው እሱን አዩት።

«ዘገየሁብሽ» አለ። እማማ ሲወርዱ እጁን ገንዳው ውስጥ እንደከተተ፣ እጅጌው እስከ ብብቱ ርሶ አገኙት።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም እማማ። ትንሽ ያፈሳል።»

የተነከሰውን ጫፍ ቆርጦ፣ ሌላ ቀጥሎ ወጣ። የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ ተጉዞ ቤቴ መጣ። የተቆረጠውን ጫፍ ዳስሼዋለሁ ልጆቼ፣ በዚህ በገዛ እጄ። ግንባር ይመስል ነበር... ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር።

«ለእናቷ አሳያት» አልኩት።

አሳያት። ቧንቧዋን ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ ቧንቧው ተወዝውዞ ይነቀላል፤ ክሊኒኩ ይጠራዋል። ሌላ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ሞከረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነቀለ። ጠብታ የሠራው ግን ወራት ይቆያል።

በየጊዜው የተነከሰውን ጫፍ ይዞልኝ ይመጣል። ሁለቱ አራት ሆኑ። አራቱ ስምንት። በሦስተኛው ዓመት ጠባሳው ዙሪያውን ሞላ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር በተራ ደረደረቻቸው፣ ሌላው ወላጅ የልጁን ቁመት ግድግዳ ላይ እንደሚያሰምር።

ሁሉም ትኩስ ናቸው።

«ትኩሳቱ አለቀቃትም ጋሼ» ይለኛል በመጣ ቁጥር። ሌላ ነገር አይፈልጉም፤ ቧንቧው ቀዝቅዞ የሚያገኙበትን አንድ ቀን ብቻ ነው ሁለቱም የሚጠብቁት። ሚስቱ እርጥብ ጨርቅ ታደርግባቸዋለች። ጨርቁ ይደርቃል፣ ትኩሳቱ ይቆያል። ይኸው ሰባተኛ ዓመታቸው።

ባለፈው እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጠብታ ሱቄ ገባ። እጅጌው ርሷል። ቧንቧዋን የመስታወት ባንኮኒዬ ላይ በቀስታ አስቀመጠ።

«ንካው» አለኝ።

ነካሁት።

ቀዝቃዛ ነው።

አየሁት። ዓይኑ ሞልቷል።

«ደግሞ እየው» አለኝ።

መነጽሬን አደረግኩ። ጠባሳው ሁሉ ቦታው አለ፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ግን... የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ... የሉም። ክፍት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አፍ አታውቁም? ልክ እንደዚያ።

ጣቴን ክፍቱ ላይ አሳለፍኩ።

«ጋሼ» አለ። «ባለ ጥርስ መጋጠሚያ አንድ ስጠኝ።»

ባለ ጥርስ... አለኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ።

እንባዬን እንዳያይብኝ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። መጋጠሚያውን ይዤ ስመለስ፣ ባንኮኒው መስታወት ላይ፣ እሱ በቆመበት በኩል፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ... ክብ እንፋሎት አየሁ።

ትጠፋለች። ትመጣለች። ትጠፋለች...

ልምድ ሆኖብኝ ጨርቅ አነሳሁ።

«ጋሼ» አለ ጠብታ በሹክሹክታ፣ ወደ ታች ሳያይ። «አትጥረገው።»

ጨርቁን አስቀመጥኩ። ከመስታወቱ ወዲህ ቁጢጥ አልኩ። ከወዲያ በኩል የጠብታ እግር ብቻ ነው የሚታየኝ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ጥርሴን አወለቅኩና ባዶ አፌን አሳየሁ።

እንፋሎቷ ለአፍታ ቆመች...

ከዚያ ቶሎ ቶሎ... ቶሎ ቶሎ... ትመጣ ጀመር።