ከጆሮ ጀርባ የቀረ ቄጤማ

ቅዳሜ ሹር ረፋድ ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ጋሽ ክፍሉ ከገዛ ቤታቸው ሰገነት ወድቀው ሞተው ተገኙ። ከቤተ ክርስቲያን ያሰሩት ቄጤማ ገና ከራሳቸው አልወረደም። ጠዋት ከተከራያቸው ከሀምዲያ ጋር ሰገነቱ ላይ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል ተባለና ሀምዲያ ታሰረች። የሚጠባ ልጅ አላት ብሎ ያሰበላት የለም። ኤዲያ!

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ዘነበች ጣቢያ ስትደርስ የሀምዲያ ቀሚስ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል።

«ወላሂ አልነካኋቸውም! ሰው ላነጋግር ነው፣ ልብስሽን ከገመዱ አንሺና ውረጂ አሉኝ። ተነጫንጬ ወረድኩ። ልጄን ብቻ አምጡልኝ።»

«ማንን እንደሚያነጋግሩ ነገሩሽ?»

«አልነገሩኝም።»

በሠልስቱ ዘነበች ለቅሶው ድንኳን ገባች። የጋሽ ክፍሉ ትልቅ ፎቶ ፊት ለፊት ቆሟል። ከነሙሉ ጥርሳቸው ይስቃሉ፤ ከኋላቸው ደመናና ነጭ እርግብ ተለጥፏል።

«ማነው የሠራው?» ስትል የሟቹን ልጅ ዲናን ጠየቀቻት።

«ጢሞቴዎስ ነዋ፣ የአጎቴ ልጅ። በራችን ላይ ያለው ፎቶ ቤት የሱ ነው። እኔ እንጃ፣ አባዬ ስቆ ፎቶ ሲነሣ አይቼ አላውቅም።»

ዘነበች ተጠግታ አየች። ከቀኝ ጆሯቸው ጀርባ፣ ሽበቱ መሀል፣ ቀጭን አረንጓዴ ነገር አለ።

ጢሞቴዎስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለለቀስተኛው ውሃ ያድላል።

«መቼ አነሣሃቸው?»

«ለጥምቀት። ከኋላቸው ያለውን ጀርባ ብቻ ነው ቆርጬ የቀየርኩት።»

«ቅዳሜስ?»

«ኧረ በፍጹም! ጋሼን ከስቅለት ወዲህ አላየኋቸውም። ያቺ ሴትዮ ናት የጨረሰቻቸው!»

ዘነበች የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዛ የፎቶ ቤቱን ኮምፒውተር ከፈተች። የፈለገችውን አገኘች፤ ያልፈለገችውንም አገኘች። ለመታወቂያ ሊነሡ የመጡ የሰፈሩን ሴቶች ፊት ከአንገት እየቆረጠ ራቁት ገላ ላይ ለጥፏል። ውጭ ወጥታ ቱ! አለች። ከዚያ ኮምፒውተሩን አስይዛ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ቄጤማ ራስ ላይ የሚታሰረው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ሹር» አለች ዲና።

«ታዲያ ለጥምቀት በተነሣ ፎቶ ላይ ምን ይሠራል? ጢሞቴዎስ ቀኑ እንዳይታወቅበት ቄጤማውን ከጀርባው ጋር ቆረጠው። ከጆሮ ኋላ ያለው አመለጠው። ስለዚህ ቅዳሜ አብሯቸው ነበር። የት? ይሄ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የተቆረጠውን ጀርባ አያጠፋውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።»

ሽፋኑን አነሣችው። እርግቡ ጠፋ፤ ሰገነቱ ወጣ። ጋሽ ክፍሉ መከታ የሌለው ጠርዝ ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«ገመዱን እዩት፣ ባዶ ነው። ሀምዲያ ልብሷን አንሥታ ወርዳለች። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የተነሣውና ያነሣው። ጋሽ ክፍሉ በሴቶቹ ፎቶ ደርሰውበት ነበር። አይደለም እንዴ?»

ጢሞቴዎስ የያዘውን ውሃ መሬት አስቀመጠ።

«ይቅር ብለውኝ ነበር... ከበዓሉ በኋላ ግን ለየቤተሰቡ ራስህ ትናገራለህ አሉኝ። እሺ አልኩና ለፋሲካ ፎቶ ላንሣዎት አልኳቸው። ደስ አላቸው። ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉ ስላቸው...»

«ገፋሃቸው» አለች ዘነበች።



«ስንት ቀን ያለቀስንበት ፎቶ ይሄ ነው?» ብላ ዲና አፏን ይዛ ወጣች። ስትመለስ ፎቶውን በፊቱ ደፋችው፤ ከጎረቤት የሀምዲያን ሕፃን ተቀብላ አቀፈችና ዘነበችን «በይ እንሂድ፣ እናቱን ፍቺልኝ» አለቻት።